አሮጌ ፕሮቶኮል በአዲስ ስዊች ላይ፦ ጥያቄና መልስ

ስዊች ልትቀይሩ ያሰባችሁ ጠይቁ። አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል፦ አሮጌውን ከመንቀላችሁ በፊት ትራፊኩን ካፕቸር አድርጉ (በኔትወርኩ የሚያልፈውን ቀድታችሁ አስቀምጡ)።

ጥያቄ፦ ሰላም ኢንጂነር። አሮጌው ኮር (ዋናው) ስዊች አይፒኤክስን፣ ማለትም የድሮውን የኖቬል ፕሮቶኮል፣ ራውት ያደርግልን (ከአንዱ ኔትወርክ ወደ ሌላው ያሻግርልን) ነበር። አዲሱም ያስተላልፈው ይሆን?

መልስ፦ በአንድ ቪላን (በስዊቹ ላይ ተከፍሎ የተለየ ኔትወርክ) ውስጥ ከሆነ ያልፋል። እዚያ ስዊቹ የሚያየው ማክ አድራሻ (የመሣሪያው የኔትወርክ ካርድ መለያ ቁጥር) ነው፤ ውስጡ አይፒ ይሁን ሌላ ግድ የለውም። በሁለት ቪላን መካከል ከሆነ ግን እርሱት፤ የዛሬ ስዊቾች ራውት የሚያደርጉት አይፒን ነው። ሁለቱን ወገን አንድ ቪላን ውስጥ አስገቡ፤ ካልተቻለ አሮጌውን ራውተር ለዚያ ሥራ ብቻ አቆዩት። ካፕቸሩ ላይ የአይፒኤክስን ኤተርታይፕ (በፍሬሙ፣ በዳታው ጥቅል ላይ ፕሮቶኮሉን የሚናገር ቁጥር) 8137ን ብቻ ፈልጋችሁ «የለም» እንዳትሉ። የቆየ ኖቬል ኔትዌር ኤተርታይፕ የሌለው ፍሬምም ይልካል። አይፒንና ኤአርፒን (አይፒ ማክ አድራሻን የሚያገኝበትን ፕሮቶኮል) አጣርታችሁ አውጡና የቀረውን አንድ በአንድ እዩት።

ጥያቄ፦ የትኛውን ብራንድ ልግዛ?

መልስ፦ ብራንድ አልመርጥም። ዳታሺቱን አንብብ።

ጥያቄ፦ ስዊች ከቀየርን ወዲህ ኔትወርኩ ቀርፋፋ ሆነ። ምንድን ነው ችግሩ?

መልስ፦ የቱ ማሽን? የቱ ፖርት? እንዲህ ተጠይቆ መልስ የለም። የፖርቱን የስህተት ቆጣሪ አይተህ ተመለስ።

ሌላ አባል፦ በዚህ ዘመን አይፒኤክስ ይዞ መጓተት ምን ይባላል? ጣሉት!

ሌላ አባል፦ ወንድሜ፣ ያ ፕሮቶኮል የሚያንቀሳቅሰው የፋብሪካ ማሽን ነው። ማሽኑን አንተ ትገዛልናለህ?

ሌላ አባል፦ ቢያንስ ከሌላው ኔትወርክ ይለይ። አፕል እንኳ በ2009 አፕልቶክን (የራሱን የድሮ ፕሮቶኮል) ከማክ ኦኤስ አውጥቶታል።

መልስ፦ መለየቱ ልክ ነው። ይጣል አይጣል ግን የዛሬ ጉዳያችን አይደለም። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ጥያቄ፦ አዲሶቹን ከአሮጌዎቹ ጋር ለጥቂት ሳምንት አብረን ልናሠራ ነው። ስፓኒንግ ትሪ (ትራፊክ በክብ እንዳይዞር ትርፍ ሊንክ የሚዘጋው ዘዴ) ያስቸግር ይሆን?

መልስ፦ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው! ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ሩቱ (የሌሎቹ መነሻ የሚሆነው ስዊች) ማን እንደሚሆን እናንተ ወስኑ። ትንሹ ፕራዮሪቲ (የቅድሚያ ቁጥር) ያለው ይመረጣል፤ ካልነካችሁት 32768 ነው፤ እኩል ሲሆኑ ትንሹ ማክ አድራሻ ያሸንፋል። ብዙ ጊዜ ትንሹ ያለው አሮጌው ላይ ነው። ስለዚህ አዲሱን ኮር 4096 አድርጉት።

የፓዝ ኮስት (ስዊቹ ለመንገዱ የሚሰጠው ዋጋ፤ ትንሹ ይመረጣል) ደግሞ አለ። አሮጌው 1 ጊጋ ሊንክን 4 ብሎ ይቆጥራል። በረጅሙ አቆጣጠር የሚሄደው አዲሱ ግን 20,000 ይለዋል። ሁለቱ ሲደባለቁ በአሮጌዎቹ በኩል ያለው መንገድ ርካሽ ይመስላል፤ ትራፊኩ ፈጣኑን ሊንክ ትቶ በደካማው ይዞራል። ሁሉንም በአንድ አቆጣጠር አስኪዱ።

አሮጌው የሚያውቀው የድሮውን ስፓኒንግ ትሪ (802.1ዲ) ብቻ ከሆነ፣ አዲሱም በዚያ ፖርት ላይ ወደ እሱ ደረጃ ይወርዳል። ያኔ አንድ ሊንክ ሲቋረጥ ከ30 እስከ 50 ሰከንድ መጠበቅ ሊመጣ ነው። ለፋይል ሰርቨር ምንም አይደለም፤ ለማሽን መቆጣጠሪያ ግን ብዙ ነው። አሮጌውን ካወጣችሁት በኋላም ሊንኩ ወርዶ ካልተነሳ ፖርቱ በድሮው ዘዴ ሊቀር ይችላል። በእጅ ወደ አዲሱ ዘዴ መልሱት።

ጥያቄ፦ የ10 ሜጋ መቆጣጠሪያችን አዲሱ ላይ ሊንክ አልሰጥ አለ።

መልስ፦ ብዙ የ2.5 እና የ5 ጊጋ ፖርቶች 10 ሜጋን አይደግፉም። ሀፍ ዱፕሌክስንም (በተራ መላክና መቀበልን) እንዲሁ። የሚደግፍ ትንሽ ስዊች መካከል አስገባ። መሣሪያው 100 ሜጋ ፉል ዱፕሌክስ (ባንዴ መላክና መቀበል) ላይ ተቆልፎ ስዊቹ አውቶ (ራሱ የሚመርጥ) ከሆነ ደግሞ ሊንኩ ይበራል፣ ግን ስዊቹ ወደ ሀፍ ይወርዳል። ስህተቱ የሚታየው ጭነት ሲበዛ ነው።

ጥያቄ፦ ቴልኔት (ያልተመሰጠረ የርቀት መቆጣጠሪያ) ብቻ የሚያውቁ መሣሪያዎችስ?

መልስ፦ የራሳቸው ቪላን፣ ጥብቅ ኤሲኤል (ማን መድረስ እንደሚችል የሚገድብ ዝርዝር)። አለቀ።

ጥያቄ፦ ስዊች ቀየርን፣ ኔትወርኩ ቀርፋፋ ሆነ...

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። የስህተት ቆጣሪ!

ጥያቄ፦ ካፕቸሩ ስንት ቀን ይበቃል ኢንጂነር?

መልስ፦ የወር መጨረሻን ካላካተተ አይበቃም። በወር አንዴ ብቻ የሚናገር መሣሪያ አለ። አሮጌውንም ኮንፊጉን አስቀምጣችሁ፣ ኃይሉን አጥፍታችሁ፣ የወር መጨረሻው ሥራ እስኪያልፍ ከራኩ (ከመደርደሪያው) አታውርዱት።