የልብ ምትና የአካል ብቃት እንቅስቃሴ፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 52 ነው። ሶምሶማ ስሮጥ የልብ ምቴ ከስንት ባያልፍ ይመረጣል?

መልስ፦ በተለመደው ስሌት 52ን ከ220 ሲቀንሱ ከፍተኛው ምትዎ በደቂቃ 168 ይሆናል፤ መካከለኛ እንቅስቃሴ የዚህ ከ50 እስከ 70 በመቶ (ከ84 እስከ 118 ገደማ)፣ ጠንካራው ደግሞ እስከ 85 በመቶ (143 ገደማ) ነው። ይሁንና ስሌቱ አማካይ ግምት በመሆኑ፣ የአንድ ጤነኛ ሰው ትክክለኛ መጠን ከዚህ በ10 ወይም ከዚያ በላይ ሊለይ ይችላል። ስለዚህ 145 ስላዩ ብቻ አይደንግጡ። በመካከለኛ እንቅስቃሴ ጊዜ ሰው ማውራት ይችላል፣ መዝፈን ግን ያቅተዋል፤ እኔ ከቀመሩ ይልቅ ይህን አምናለሁ።

ጥያቄ፦ ለደም ግፊት አቴኖሎል እወስዳለሁ። የቱንም ያህል ብለፋ ምቴ ከ110 አያልፍም። ልፋቴን ልጨምር?

መልስ፦ በፍጹም አይጨምሩ! አቴኖሎል፣ ልክ እንደ ቢሶፕሮሎልና ሜቶፕሮሎል፣ ቤታ ብሎከር ከሚባሉት መድኃኒቶች አንዱ ሲሆን፣ አድሬናሊን ልብን እንዳያፋጥን ስለሚከላከል፣ ሰውነትዎ እጅግ እየደከመ እንኳ ምት የሚለካው የእጅ ሰዓት ዝቅተኛ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። በዕድሜ የተሰላውን ቁጥር ለመድረስ መታገል አደጋ የሚጋብዘውም ለዚህ ነው። በምትኩ ድካምዎን ከ6 እስከ 20 በሚዘልቀው የቦርግ መለኪያ (የሚሰማዎትን ድካም ራስዎ በቁጥር በሚገምቱበት) ይመዝኑ፤ 12 ወይም 13፣ ማለትም «ትንሽ ከበድ ያለ» የሚባለው ደረጃ፣ ለአብዛኛው ሰው በቂ ነው። ለእርስዎ የሚስማማውን ወሰን ሐኪምዎ በልብ ምርመራ ሊወስንልዎ ይችላል። መድኃኒቱን ግን በራስዎ ውሳኔ በድንገት አያቋርጡ፤ ይህ ራሱ ልብን ይጎዳል።

ጥያቄ፦ የእጅ ሰዓቴ ቀስ ብዬ ስሮጥ በድንገት 180 አሳየኝ፤ እኔ ግን ምንም አልተሰማኝም።

መልስ፦ ሰዓቱ ምትን የሚለካው በቆዳ ሥር ያለውን የደም ፍሰት በብርሃን በማየት ስለሆነ፣ ማሰሪያው ሲላላ የእርምጃዎን ምት የልብ ምት አድርጎ ሊቆጥር ይችላል። ከአንጓው አጥንት ትንሽ ከፍ አድርገው ያጥብቁት። ከተጠራጠሩ ቆም ብለው ሁለት ጣቶችዎን በአውራ ጣትዎ ሥር አንጓው ላይ ያሳርፉ፣ ለ15 ሰከንድ ቆጥረው በ4 ያባዙ። በአውራ ጣት አይለኩ፤ የራሱ ትርታ ያሳስታል። ካረፉ በኋላም ምቱ ፈጣንና የተዘበራረቀ ከሆነ ይመርመሩ።

ጥያቄ፦ መቼ ነው ማቆም ያለብኝ?

መልስ፦ ደረትዎን ሲያምዎ ወይም ሲጨንቅዎ፣ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ ሲዛመት፣ ሲያዞርዎ ወይም ትንፋሽ ባልተለመደ ሁኔታ ሲያጥርዎ፣ ሰዓቱ 95ም ይበል 165፣ ወዲያውኑ ያቁሙ። ስሜቱ በእረፍት ካልተወ አስቸኳይ ሕክምና ይጥሩ፤ ራስዎ መኪና እያሽከረከሩ ወደ ሆስፒታል አይሂዱ።