ሞይስቸራይዘሬ ኤስፒኤፍ አለው፤ ሰንስክሪን ደግሞ ያስፈልገኛል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ32 ዓመት ሴት ነኝ፤ መልኬ ጠይም ነው። ሁለተኛ ልጄን ካረገዝኩ ወዲህ ጉንጬ ላይና ከላይኛው ከንፈሬ በላይ ማድያት ወጥቶብኛል። ልጁ አሁንም ይጠባል። ግንባሬና አፍንጫዬ ወዛም ነው፤ ጉንጬ ግን ይደርቃል። ጠዋት ጠዋት ኤስፒኤፍ 15 (ከፀሐይ የመከላከል አቅሙን የሚገልጽ ቁጥር) ያለው ሞይስቸራይዘር፣ ማለትም ቆዳ የሚያለሰልስ ቅባት፣ እቀባለሁ። በቅርቡ ሰው መክሮኝ ኤስፒኤፍ 50 ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ቅባት) ገዛሁ። ግን ፊቴን አመድ ያስመስለዋል። ሞይስቸራይዘሩ ላይ ስደርበው ደግሞ እንደ ላጲስ ፍርፋሪ እየተንከባለለ ይረግፋል። ስለዚህ ተውኩት። ቀኑን የማሳልፈው ቢሮ ውስጥ መስኮት አጠገብ ነው። ሞይስቸራይዘሩ ብቻውን አይበቃኝም? ሁለቱንም መቀባት ካለብኝስ የቱ ይቀድማል? ለመሆኑ ጠይም ሰው ሰንስክሪን ያስፈልገዋል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር። አዎ፣ ያስፈልግዎታል። ማድያት ስላለብዎት ደግሞ ከብዙ ሰው ይበልጥ ያስፈልግዎታል።

ጠይምና ጥቁር ቆዳ የራሱ መከላከያ እንዳለው እውነት ነው። ለቆዳችን ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን የፀሐይን ጨረር ይውጠዋል። የጥቁር ቆዳ የተፈጥሮ መከላከያ ሲለካ ከኤስፒኤፍ 13 ጋር የተቀራረበ ሆኖ ተገኝቷል፤ የነጭ ቆዳ ግን 3 ገደማ ነው። እኛ በፀሐይ ቶሎ የማንቃጠለው፣ ፀሐይ የሚያመጣው የቆዳ ካንሰርም በእኛ ላይ አነስ ያለው ለዚህ ነው። ነገር ግን ሜላኒን የበዛበት ቆዳ በተነካ ቁጥር ቀለም ማምረት ይቀናዋል። ብጉር ድኖ ጥቁር ምልክቱ ለወራት አልለቅ የሚለው በዚህ የተነሳ ነው። ማድያትም በስንት ሕክምና ከደበዘዘ በኋላ ትንሽ ፀሐይ ሲያገኘው መልሶ ይደምቃል። ያለ ሰንስክሪን ማድያትን ማከም በአንድ እጅ እየጠረጉ በሌላው መቀባት ስለሚሆን፣ ማድያት ላለበት ሰው ሌላ መድኃኒት ከማዘዜ በፊት ስለ ሰንስክሪኑ እጠይቃለሁ።

አሁን ወደ መስኮቱ ልምጣ። ከፀሐይ የሚመጡት ጨረሮች ሥራቸው የተለያየ ነው። ዩቪቢ የሚባለው ቆዳን የሚያቃጥለው ነው። ዩቪኤ ደግሞ ጠለቅ ብሎ ይገባል። ቶሎ ስለማያቃጥል ሲጎዳን አይታወቀንም፤ ግን ቆዳን በመጨማደድም ሆነ በማጥቆር ትልቅ ድርሻ አለው። ደመና አያቆመውም። ተራ የመስኮት መስታወት ዩቪቢን በአብዛኛው ያስቀረዋል፤ ከዩቪኤው ግን ብዙውን ያሳልፋል።

እ.ኤ.አ. በ2012 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን የተባለው የሕክምና መጽሔት የአንድ የ69 ዓመት ሰው ፎቶ አውጥቶ ነበር። ሰውየው ለ28 ዓመት የጭነት መኪና ነድቷል። በመስኮቱ በኩል የነበረው ግራ ፊቱ በጥልቅ ተሸብሽቦ ወፍሯል፤ ቀኙ ከዚያ በጣም የተሻለ ነው። «ቢሮ ውስጥ ስለምውል ፀሐይ አያገኘኝም» የሚል ታካሚ ሲመጣ ይህን ፎቶ አሳየዋለሁ። እርስዎም ቢችሉ ጠረጴዛዎን ከመስኮቱ ትንሽ ያርቁት፤ ካልሆነ መጋረጃውን ሳብ ያድርጉት። ምንም ወጪ የለውም፤ ይጠቅማል።

ሦስተኛው ነገር በዓይናችን የምናየው ብርሃን ራሱ ነው። ጠይምና ጥቁር ቆዳን ያጠቁራል፤ ማድያትንም ያባብሳል። ተራ ሰንስክሪን ይህን ብርሃን አያስቀርም። ለዚህ የሚሆነውን ዝቅ ብዬ እነግርዎታለሁ። የስልክና የኮምፒውተር ስክሪን ግን አያስጨንቅዎት፤ ከፀሐይ ብርሃን ጋር ሲነጻጸር ከእነሱ የሚወጣው እጅግ ትንሽ ነው።

ሞይስቸራይዘሩ ይበቃል ወይ ላሉኝ፣ እርስዎ በሚቀቡት መጠን አይበቃም። ቁጥሩ ብቻውን ቢታይ ኤስፒኤፍ 15 ከዩቪቢው 93 በመቶ ገደማ ይከላከላል። 30 ደግሞ 97፣ 50 ደግሞ 98 በመቶ ገደማ ነው። ልዩነቱ ብዙዎች እንደሚገምቱት ሰፊ አይደለም። ግን ይህ ቁጥር በላቦራቶሪ የሚወጣው በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ቆዳ ላይ 2 ሚሊ ግራም ተቀብቶ ነው። ያ ብዙ ነው። ሰው በተግባር የሚቀባው በአብዛኛው ከዚያ ሩቡን እስከ ግማሹን ነው። መጠኑ በግማሽ ሲቀንስ መከላከያው ቢያንስ በግማሽ ይወርዳል። ስለዚህ ጣትዎ ላይ ጠብ አድርገው የሚያዳርሱት 15 የተጻፈበት ሞይስቸራይዘር ፊትዎ ላይ ሲደርስ የቀረው መከላከያ በጣም ትንሽ ነው።

ሌላም ችግር አለ። የሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት ሰዎችን አንድ ጊዜ ሰንስክሪን፣ ሌላ ጊዜ ኤስፒኤፍ ያለው ሞይስቸራይዘር አስቀብተው በልዩ ካሜራ አዩአቸው። ሰንስክሪን ሲቀቡ ከፊታቸው 11 በመቶ ገደማ ሳይነካ ቀርቷል። ሞይስቸራይዘር ሲሆን ወደ 17 በመቶ ደርሷል። በይበልጥ የተረሳው የዓይን ሽፋንና ዙሪያው ነው። ኤስፒኤፍ ያለው ሞይስቸራይዘር መጥፎ ነው አላልኩም። 30ና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ዩቪኤንም የሚከላከል ከሆነና እንደ ሰንስክሪን በዛ አድርጎ ለሚቀባው ሰው ይሠራል። በተለይ ፊቱ ወዛም ለሆነና ሁለት ነገር መደራረብ ለሚሰለቸው ሰው እኔም እመክረዋለሁ። ማድያት ላለበት ግን ራሱን የቻለ ሰንስክሪን ይሻላል።

መጠኑን ለመለካት ቀላሉ ዘዴ ጣት ነው። ሰንስክሪኑን በጠቋሚ ጣትዎና በመሃል ጣትዎ ላይ ከሥር እስከ ጫፍ በመስመር ያውጡት። ይህ ለፊትና ለአንገት ነው። መጀመሪያ ሲያዩት መብዛቱ ያስደነግጥዎት ይሆናል፤ ትክክለኛው መጠን ግን ይኸው ነው። በአንዴ ከከበደዎት አንዱን ጣት ቀብተው፣ ሲመጥልዎ ሁለተኛውን ይድገሙ። ጆሮን፣ የፀጉር መነሻን፣ የመንጋጋን ሥርና ከላይኛው ከንፈር በላይ ያለውን ቦታ እንዳይረሱ። ማድያቱ የወጣው እዚያው ነውና!

«ታዲያ አመድ የሚያስመስለኝን ነገር በሁለት ጣት ልቀባ?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ልክ ነዎት፤ ይህንን ማንም አይቀጥልበትም። ታካሚዎቼ ምርጡ ሰንስክሪን የቱ ነው ሲሉኝ፣ ሳይሳቀቁ በየቀኑ አብዝተው ሊቀቡት የሚችሉት ነው እላቸዋለሁ። የተወደደውና ቁጥሩ የተቆለለው መሳቢያ ውስጥ ከተቀመጠ ምንም አይሠራም።

ያነጣዎት ምናልባት ሚኒራል የሚባለው ዓይነት ነው። ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ይይዛል። ቆዳን እምብዛም አይቆጠቁጥም፤ ጥሩ ነው። ችግሩ ነጭ ዱቄት ስለሆነ ጠይም ፊት ላይ ይታያል። ሁለት መውጫ አለዎት። አንደኛው እንደ አቮቤንዞን ያሉ ጨረሩን የሚውጡ ኬሚካል ማጣሪያዎች ያሉበት፣ ቀለም አልባ ጄል ወይም ቀጭን ፈሳሽ ነው። ጠይም ፊት ላይ አይታወቅም፤ ለወዛም ግንባርም ይስማማል። አንዳንዱ ግን ዓይን ያቃጥላል። ካቃጠለዎት በዓይን ዙሪያ ብቻ ሚኒራሉን ይጠቀሙ።

ሁለተኛው፣ ለእርስዎ የምመርጠው፣ ቀለም የተጨመረበት ሰንስክሪን ነው። ቀለሙን የሚሰጠው አይረን ኦክሳይድ ይባላል። ቅድም ያነሳሁትን የሚታየውን ብርሃን የሚያግደው እሱ ነው። ማድያት ላይ ከተራው የተሻለ ውጤት የሚሰጠውም ለዚህ ነው። አመዱንም ይሸፍናል። መልክዎን የሚመስለውን ለማግኘት ግን መንጋጋዎ ላይ ቀብተው በቀን ብርሃን ይዩት። ብዙ ጊዜ የሚመረተው ለቀላ ቆዳ ስለሆነ የመጀመሪያው ሙከራ ባይሳካ አይተዉት።

ሲገዙ ጥቅሉ ላይ የሚፈልጉት ሁለት ነገር ነው። ኤስፒኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ፣ እንዲሁም ዩቪኤንም እንደሚከላከል የሚገልጽ ምልክት። ኤስፒኤፍ በዋናነት የሚለካው ዩቪቢን ስለሆነ ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም። አንዳንዱ ላይ «ብሮድ ስፔክትረም» ይላል፤ አንዳንዱ ላይ ዩቪኤ የሚለው ፊደል በክብ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል፤ ሌላው ላይ ፒኤ ብሎ የመደመር ምልክት ይደረድራል፤ ምልክቱ በበዛ ቁጥር መከላከያው ይጨምራል። ማድያት ላለበት 50 ብመርጥም ምክንያቴ ያቺ የአንድ በመቶ ልዩነት አይደለችም። አሳንሰን ስለምንቀባ መጠባበቂያ ይሆነናል ብዬ ነው። የአገልግሎት ማብቂያውን ቀንም ይዩ። መኪና ውስጥ ሲግል የሚውል ሰንስክሪን ደግሞ ቀኑ ሳያልፍም ይበላሻል።

ቅደም ተከተሉ ቀላል ነው። ፊት ይታጠባል፣ ሐኪም ያዘዘው የሚቀባ መድኃኒት ካለ ይቀባል፣ ከዚያ ሞይስቸራይዘር፣ ከዚያ ሰንስክሪን፣ ሜካፕ ካለ በመጨረሻ። ሁለቱን መዳፍ ላይ ደባልቆ መቀባት ግን አይሆንም። ሰንስክሪኑ ይቀጥናል፤ ቆዳው ላይ እኩል የሆነ ሽፋን መሥራትም አይችልም።

መንከባለሉ የሚመጣው የታችኛው ሳይደርቅ ሲደረብበት፣ ሲበዛ ወይም በላዩ ላይ ሲታሽ ነው። አንዳንዴም ሁለቱ ምርቶች በቅመማቸው አይስማሙም። እርስዎ ዘንድ መፍትሔው ቅርብ ይመስለኛል። ወዛም በሆነው ግንባርና አፍንጫዎ ላይ ጠዋት ሞይስቸራይዘር ጨርሶ ይተዉት፤ ሰንስክሪኑ ራሱ በቂ ቅባት አለው። ጉንጭዎ ላይ ብቻ ሳሳ አድርገው ይቀቡ። አምስት ደቂቃ ያህል ይጠብቁ፤ ልብስዎን እየለበሱ ያልፋል። ከዚያ ሰንስክሪኑን ሳያሹ መታ መታ እያደረጉ ያዳርሱት። ወፍራሙን ሞይስቸራይዘር ለማታ ያቆዩት። ይህን ሁሉ አድርገው አሁንም ከተንከባለለ አንዱን ምርት ይቀይሩ።

ውጭ ለሚውል ሰው በየሁለት ሰዓቱ መደገም አለበት፤ ካላበው ወይም ከዋኘ ደግሞ ወዲያው። ቢሮ ለሚውል ሰው ይህን ያህል አላስጨንቅም። ጠዋት በደንብ ይቀቡ፤ ለምሳ ሲወጡ ወይም ከሰዓት ወደ ቤት ሲሄዱ ፀሐይ ካለ ይድገሙት። በሜካፕ ላይ መድገም ያስቸግራል። በስፖንጅ መታ መታ ማድረግ ወይም እንደ ሊፕስቲክ በዘንግ መልክ የተሠራውን ሰንስክሪን መጠቀም ይቻላል። በግሌ ግን ሰፊ ባርኔጣና ጥላን አስበልጣለሁ። ታጥበው አይለቁም፣ አይረሱም፣ የሚታየውን ብርሃንም ይቀንሳሉ። ከፍታ ቦታ ላይ የሚኖር ሰው ደግሞ አየሩ ቢቀዘቅዝም አይዘናጋ፤ በየ1000 ሜትሩ ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል።

በየቀኑ መቀባቱ ዋጋ አለው ወይ ለሚሉ፣ አውስትራሊያ ውስጥ 900 በሚሆኑ ሰዎች ላይ ለአራት ዓመት ተኩል የተካሄደ ጥናት አለ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። በየቀኑ እንዲቀቡ የተነገራቸው፣ ሲመቻቸው ከተቀቡት ይልቅ የቆዳቸው እርጅና 24 በመቶ አንሶ ተገኝቷል። ሁለቱም ወገኖች ሰንስክሪን ነበራቸው። የለያቸው በየቀኑ መቀባቱ ነው። ቫይታሚን ዲ ይቀንስብኛል ብለው ከሰጉም፣ ብዙ ጥናቶች እንደ ተለመደው የሚቀቡ ሰዎች በዚህ ምክንያት እጥረት እንደማይገጥማቸው ቢያሳዩም፣ ከፍ ያለ ኤስፒኤፍ በየቀኑ መቀባት መጠኑን በተወሰነ ደረጃ ሊቀንሰው ይችላል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልለምንዎት። ማድያት ያስጨንቃል፤ መስታወት ባዩ ቁጥር ስለሚታይ ቶሎ የሚያጠፋ ነገር መፈለግዎ አይቀርም። ቆዳ የሚያቀላ ተብሎ የሚሸጥ፣ ምን እንዳለበት በግልጽ ያልተጻፈ ክሬም እባክዎ ፊትዎን አያስነኩ። ብዙዎቹ ውስጥ ጠንካራ ስቴሮይድ (በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚወሰድ መድኃኒት) ወይም ሜርኩሪ የተባለው መርዛማ ብረት ይገኛል። ለጥቂት ሳምንት ፊቱ ያምራል። ቆይቶ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥሩ ይታያል፣ ብጉር ይወርሰዋል፤ ሲያቆሙት ደግሞ ይቀላል፣ ያቃጥላል። ሜርኩሪ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ከእናት ለልጅም ይተላለፋል። ሃይድሮኪኖንን የመሰለ ማድያት የሚያደበዝዝ መድኃኒትም በሐኪም ክትትል ብቻ የሚወሰድ ነው፤ የሚያጠቡ ከሆነ ይህን ለሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩ። የወሊድ መከላከያ እንክብል እየወሰዱ ከሆነም ይንገሩ፤ ሆርሞኑ ማድያትን ሊያባብስ ይችላል። ሰንስክሪን ግን ለሚያጠባ እናት አይከለከልም። ለሕፃኑ ራሱ፣ ስድስት ወር ካልሞላው፣ ሰንስክሪን ሳይሆን ጥላና የሚሸፍን ልብስ ነው የሚመከረው።

አሁን የገዙትን 50 አይጣሉት። ለእጅ ጀርባና ለአንገት ይጨርሱት። ለፊትዎ ቀለም ያለውን ፈልገው ይጀምሩ፤ ለሦስት ወር ያህል ሳያቋርጡ ይቀቡና ማድያቱን በየወሩ በተመሳሳይ ብርሃን ፎቶ ያንሱት። በሦስት ወር ካልደበዘዘ ፎቶዎቹን ይዘው የቆዳ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ቦታው ከፍ ካለ፣ ካሳከከ፣ ከደማ ወይም ጠርዙ ከተቀየረ ግን ሦስት ወሩን ሳይጠብቁ ይታዩ።