ስልክ በሌለበት ክፍል ኪውአር ኮድ እንዴት ይሠራል?

መምህርት፣ ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። «ውጭ አገር ተማሪዎች በስልካቸው ኪውአር ኮድ እያነበቡ ሲማሩ ቪዲዮ አየሁ። የእኔ ክፍል ከ60 በላይ ተማሪ አለው፤ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ኔትወርኩም ይቆራረጣል። ልሞክረው ወይስ ይቅርብኝ? ወጪውስ?» ነው ያሉት። ይሞክሩት። ቪዲዮው ላይ ባዩት መንገድ ግን አይሁን።

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። 9ኛ ክፍል ነው፤ 62 ተማሪ አለኝ፤ አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ። የእርስዎ ችግር የእኔም ችግር ነው።

በአንድ ስልክ ይጀምሩ፤ በራስዎ ስልክ። ፕሊከርስ የሚባል አፕ አለ። ተማሪው ስልክ አይዝም፤ ኪውአር ኮድ የሚመስል ምስል የታተመበት አንድ ወረቀት ብቻ ይይዛል። የምስሉ አራት ጎኖች ኤ፣ ቢ፣ ሲ እና ዲ ናቸው። ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ። ተማሪው የመረጠውን ፊደል ወደ ላይ አዙሮ ካርዱን ከፍ ያደርጋል። እርስዎ የስልክዎን ካሜራ ከቀኝ ወደ ግራ ሲያዞሩት ማን ምን እንደመለሰ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። የተለመደው ጥቅል 40 ካርድ ነው፤ 63 ካርድ ያለውም አለ። የሁሉም ካርድ ምስል ስለሚለያይና ፊደሎቹ ደቃቅ ስለሆኑ ከጎን ማየት ለማንም አይጠቅምም። የመጨረሻው ረድፍ ካሜራው ውስጥ ካልገባ በዴስኮቹ መሐል ትንሽ ገባ ይበሉ።

አንድ ቀን ያደረግኩትን ልንገርዎ። የፎቶሲንተሲስን ምዕራፍ ጨርሰናል። «የደረቀ ግንድ ክብደቱን በአብዛኛው ያገኘው ከየት ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። ምርጫዎቹ ከአፈር፣ ከአየር፣ ከፀሐይ፣ ከማዳበሪያ። እጅ አውጡ ብዬ ቢሆን ኖሮ ሁሌ የሚመልሱት አራት ልጆች ይመልሱልኝና «ጎበዞች» ብዬ አልፍ ነበር። ካርዱ ግን የሁሉንም አሳየኝ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት «ከአፈር» ብለዋል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ካርቦንዳይኦክሳይድ ስል ከርሜ! ደነገጥኩ። መልሱን ግን አልነገርኳቸውም። የ17ኛው ክፍለ ዘመን ተመራማሪ የነበረውን የቫን ሄልሞንትን ሙከራ ተረኩላቸው፦ አንድ የአኻያ ችግኝ በገንቦ አፈር ተክሎ 5 ዓመት ውሃ ብቻ አጠጣው። ዛፉ ከ70 ኪሎ በላይ ጨመረ፤ አፈሩ የቀነሰው ግን 60 ግራም እንኳ አይሞላም። «ታዲያ ያ ሁሉ እንጨት ከየት መጣ?» አልኩና ሦስት ሦስት ሆነው እንዲከራከሩ ለቀቅኳቸው። ክፍሉ እንደ ገበያ ሆነ። እሱ ራሱ ቫን ሄልሞንት «ከውሃ ነው» ብሎ ተሳስቶ እንደነበር ስነግራቸው ደግሞ ደስታቸው ሌላ ነበር። እንደገና ካርድ ሲያነሱ ብዙዎቹ ወደ «ከአየር» ዞረው ነበር። ያን ቀን ያስተማረው ክርክሩ ነው። ካርዱ የጠቀመኝ የቱ ጋ እንደተሳሳቱ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስላሳየኝ ነው።

ለፕሊከርስ ስልክዎ ዳታ ይፈልጋል። ኔትወርክ ጨርሶ ሲጠፋ የምጠቀምበት ሌላ መንገድ አለኝ፤ እኔ ደግሞ የበለጠ የምወደው ይሄኛውን ነው።

ብዙ ሰው ኪውአር ኮድ ሊንክ ብቻ የሚይዝ ይመስለዋል። ጽሑፉን ራሱን መያዝ ይችላል። እንዲህ ሲሆን ለማንበብ ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ሲም ካርድ የሌለው አሮጌ ስልክም ይበቃል። የእኛን ፊደል በተመለከተ ግን አንድ ነገር ይወቁ። በባይት (በኮምፒውተር የመረጃ መለኪያ) ሲቆጠር አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲወስድ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ትልቁ ኮድ ቢበዛ 2,953 ባይት ስለሚይዝ በአማርኛ 980 ፊደል ገደማ ነው ማለት ነው። ያን ያህል ከሞሉት ነጥቦቹ ይደቅቃሉ፤ የሰፈር ፎቶ ኮፒ ደግሞ ያጨማልቃቸዋል። እኔ ከ100 ፊደል አላልፍም።

100 ፊደል ምን ይይዛል? እንቆቅልሽ ይይዛል! ግቢያችን ውስጥ ጽድ፣ ወይራ፣ ግራዋና ባሕር ዛፍ አሉ። መጀመሪያ የዛፉን ስምና መግለጫ ኮዱ ውስጥ ከትቼ ዛፉ ላይ ለጠፍኩ። ልጆቹ አነበቡ፣ ገለበጡ፣ ሄዱ። አንዳቸውም ቀና ብለው ቅጠሉን አላዩም። በሚቀጥለው ጊዜ መልሱን አውጥቼ ጥያቄ አስገባሁ። የአንዱ ኮድ እንዲህ ይላል፦ «እንቆቅልሽ። ጠላ ሊጠመቅ ሲል ጋኑ በቅጠሌ ይታሻል። መራራ ነኝ። የት ነኝ?» አሁን ዛፉን ራሳቸው መፈለግ ነበረባቸው። ቅጠል ቆርጠው አሸተቱ፤ ቀመሱ። አንዷ ልጅ የአያቷን ቤት አስታውሳ «ግራዋ ነው!» ብላ ሮጠች። ቀጣዩ ኮድ ግራዋው ሥር ነበር፤ ስለ ቅጠሉ ጠርዝና አቀማመጥ ይጠይቃል። መመለስ ያልቻለ ቡድን እንደ ወጉ «አገር ስጡን» ይባላል። ከዚያ ወዲህ እንቆቅልሹን የሚጽፉት ተማሪዎቹ ናቸው። ስለ አንድ ተክል በ100 ፊደል እንቆቅልሽ ለመጻፍ ተክሉን በደንብ ማወቅ ግድ ይላል።

ስልኩን ከየት አመጡት ካሉኝ፣ አምስት ባልደረቦቼ ለአንድ ክፍለ ጊዜ አዋሱኝ፤ የእኔ ስድስተኛ ሆነ። ርዕሰ መምህሩን አስቀድሜ አስፈቅጃለሁ። እዚህ ላይ አደራ የምልዎት ነገር አለ። በመጀመሪያው ቀን ስልኩን የያዙት ስልክ የለመዱት ልጆች ነበሩ፤ ሌሎቹ ከኋላ ተከትለው ይሮጡ ነበር። ቤቷ ስማርት ስልክ የሌላት አንዲት ልጅ ሙሉውን ክፍለ ጊዜ ዳር ቆማ አሳለፈች። እስካሁን ይቆጨኛል። አሁን ኮድ የሚያነብ፣ የሚጽፍና ተክሉን የሚመረምር ብዬ እመድባለሁ፤ በየኮዱ ይቀያየራሉ። ስልኩን መጀመሪያ የሚይዘው ነክቶት የማያውቀው ልጅ ነው። ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ ኮዱን በየሱቁ ያዩታል፤ የፋይዳ መታወቂያም ላይ አለ። ማየትና በእጅ መያዝ ግን ለየቅል ነው።

ኮዱን ሲሠሩ «ዳይናሚክ» ከሚባለው ይጠንቀቁ። እኔ በአንድ ድረ ገጽ ሠርቼ፣ አሳትሜ፣ ግድግዳ ላይ ለጥፌ፣ ከተወሰኑ ሳምንታት በኋላ «ክፍያ ይፈጽሙ» የሚል ገጽ መክፈት ጀመረ። ዳይናሚክ ኮድ ኮዱን በሚሠራው ድርጅት ድረ ገጽ በኩል ዞሮ ነው የሚከፍተው። «ስታቲክ» የሚለውን ይምረጡ፤ እሱ ያስገቡትን ራሱ ውስጥ ስለሚይዝ ጊዜው አያልፍበትም። ጥቁር በነጭ ይሁን፤ ዙሪያው ነጭ ጠርዝ ይተዉለት። ከአንድ ሜትር ርቀት እንዲነበብ ስፋቱን 10 ሴንቲ ያድርጉት። አንዳንድ ስልክ ጽሑፍ ያለበትን ኮድ ሲያነብ ወደ ኢንተርኔት ፍለጋ ይወስዳል፤ ስለዚህ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ማንበቢያ ጭነው ሁሉንም ስልክ በዋዜማው ይሞክሩ።

ልጆቹ «ማን ፈጠረው?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ዴንሶ ዌቭ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1994 እ.ኤ.አ. ለመኪና ዕቃ መቆጣጠሪያ ያወጣው ነው፤ መሐንዲሱ ማሳሂሮ ሃራ ይባላል። ሦስቱን የማዕዘን ካሬዎች አሳይዋቸው፤ ስልኩ ኮዱ መኖሩንና የትኛው ወደ ላይ እንደሆነ የሚያውቀው በእነሱ ነው። ከዚያ መሐሉን በትንሽ በትንሹ በወረቀት ይሸፍኑና እስከ ስንት እንደሚነበብ ያስገምቷቸው። ከፍተኛው የስህተት ማረሚያ ደረጃ የኮዱ 30 በመቶ ገደማ ቢበላሽም ይመልሰዋል። ይህን ለሒሳብ መምህሩ ብሰጠው አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ አስተማረበት።

ወጪውን በተመለከተ፣ የእንቆቅልሹ ኮዶች ስምንት ገጽ ናቸው። የፕሊከርስ ካርዶቹን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያሳተምኩት። ላሚኔት ማስደረጉ ስለከበደኝ የካርቶን ቁራጭ ላይ ለጠፍኳቸው፤ ተማሪዎቹም በየቁጥራቸው ተረክበው በየሳምንቱ ይመልሱልኛል። ሁለተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። እስካሁን ሦስት ብቻ ነው የተቀደዱት።