የግንባታ ደኅንነት ባለሙያ ብቃት በምን ይለካል? በምንስ ይረጋገጣል? (ጥያቄና መልስ)

በአዳማ በሕንፃ፣ በመንገድና በውኃ መስመር ሥራ ላይ የተሰማራችሁ አባላት ስለ ሙያ ደኅንነትና ጤንነት ባለሙያ፣ በተለመደው አጠራር ስለ ሴፍቲ ኦፊሰር፣ ብቃት ያቀረባችኋቸውን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ስለ ደመወዝ የተጠየቁትን ትቻቸዋለሁ፤ እነሱን ቀጣሪዎች ቢመልሱ ይሻላል።

ጥያቄ፦ በሲቪል ምሕንድስና ተመርቄያለሁ፤ በኢንተርኔት ተምሬ ያገኘሁት የሴፍቲ ሰርተፍኬትም አለኝ። ብቁ ባለሙያ ነኝ ማለት እችላለሁ?

መልስ፦ ሰርተፍኬቱ የሚመሰክረው ትምህርቱን ተከታትለው ፈተናውን ማለፍዎን ነው። ይህ የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን ብቃት የሚለካው ከአንድ ከተወሰነ ሥራ ጋር ተያይዞ ነው። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጣው ቁጥር 167 የግንባታ ደኅንነትና ጤንነት ስምምነት ብቁ ሰው የሚለው፣ የተለየውን ሥራ በደኅንነት ለማከናወን በቂ ሥልጠና፣ ዕውቀት፣ ልምድና ክህሎት ያለውን ሰው ነው። የአሜሪካ የግንባታ ደኅንነት ደንብ ደግሞ ሁለት ነገሮችን አጣምሮ ይጠይቃል፤ አንደኛው በቦታው ያለውንም ሊከሰት የሚችለውንም አደጋ የመለየት ችሎታ ሲሆን፣ ሁለተኛው አደጋውን ወዲያውኑ የማስወገድ ሥልጣን ነው። የመሠረት ቁፋሮን በሚገባ የሚቆጣጠር ሰው ታወር ክሬንን ለመፈተሽ ብቁ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ በማመልከቻዎ ላይ የትኛውን ሥራ ብቻዎን መቆጣጠር እንደሚችሉ፣ የትኛውን ደግሞ ልምድ ባለው ባለሙያ ሥር ሆነው እንደሚሠሩ ለይተው ይጻፉ። እኔ ቀጣሪ ብሆን እንዲህ የጻፈውን ሰው ነው የማስቀድመው።

ጥያቄ፦ የአገራችን ሕግ የደኅንነት ባለሙያ መመደብን ያስገድዳል?

መልስ፦ ያስገድዳል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኞቹ ስለ ሥራው አደጋ እንዲያውቁ እንዲያደርግ፣ የደኅንነት ሠራተኛ እንዲመድብ፣ ኮሚቴ እንዲያቋቁም፣ የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ፣ የደረሰውንም አደጋ መዝግቦ እንዲያሳውቅ ግዴታ ይጥልበታል። የተመደበው ሰው ሥራውን የሚችል መሆኑን ማጣራት ግን በተግባር በአሠሪው ትከሻ ላይ የሚወድቅ ነው። የንብረት ክፍል ሠራተኛው ስም በሴፍቲ ኦፊሰርነት የተጻፈበት ሰሌዳ በሳይት በር ላይ ተሰቅሎ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ አነስተኛ ሥራ ተቋራጭ ነኝ፤ ጂ+4 ሕንፃ እየሠራሁ ነው። የሦስት አመልካቾች ወረቀት አንድ ዓይነት ሆነብኝ። እንዴት ልምረጥ?

መልስ፦ በቢሮ ወንበር ላይ አስቀምጠው አይጠይቋቸው። እያንዳንዳቸውን በየተራ ወደ ስካፎልዲንጉ (ከፍታ ላይ ለመሥራት ወደሚቆመው መወጣጫ) ይውሰዱና ምን እንደሚያዩ ይንገሩዎት። በአጣና የተሠራ ከሆነ፣ ጥሩው አመልካች መጀመሪያ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ስካፎልዲንጉ እግር ያያል፤ አጣናዎቹ ጣውላ ሳይነጠፍላቸው በልል አፈር ላይ ቆመው እንደሆነ ይመለከታል። ቀጥሎ ከሕንፃው ጋር የታሰረበትን ቦታ፣ ምስማር የሰነጠቀውን መረማመጃ ጣውላ፣ መሰላሉ ከመውጫው በላይ አንድ ሜትር ያህል መዝለቅ አለመዝለቁን ይናገራል። ማየት ግን የሥራው ግማሽ ነው። «አሁን ምን ታደርጋለህ?» ብለው ሲጠይቁት «ሄልሜት እንዲያደርጉ እነግራቸዋለሁ» ካለ ያሰናብቱት። ሰዎቹን አወርዳለሁ፣ መውጫውን እዘጋለሁ፣ አናጺ ጠርቼ አስተካክላለሁ፣ ከዚያም ራሴ ፈትሼ እከፍታለሁ የሚለውን ያቆዩት።

ቀጥለው ስለ ንፋስ ይጠይቁት። የአዳማ ንፋስ ከከተማዋ አጠገብ ተርባይኖች ተተክለውበት ኤሌክትሪክ የሚመነጭበት ስለሆነ፣ እዚህ ከፍታ ላይ የሚሠራን ሰው ደኅንነት እጠብቃለሁ የሚል ባለሙያ ሊያልፈው የማይችለው ጉዳይ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ሙሉ ቆርቆሮ የተሸከመን ሠራተኛ ድንገተኛ ንፋስ ከነቆርቆሮው ይገፋዋል። የጣሪያ ሥራውን በስንት ሰዓት እንደሚያስጀምር፣ ምን ሲያይ እንደሚያስቆም፣ ንፋሱ ካለፈ በኋላ ስካፎልዲንጉን ሳይፈትሽ ሰው እንደማያስወጣ ያስረዳዎት። በመጨረሻ የደኅንነት ቀበቶው የት እንደሚታሰር ያሳይዎት። በአሜሪካው ደንብ መሠረት ማሰሪያው ለአንድ ሠራተኛ ከ22 ኪሎ ኒውተን በላይ፣ ማለትም ከሁለት ቶን የሚበልጥ ክብደት እንዲችል ይጠበቃል፤ በምስማር የተመታ አጣና ይህን አይችልም። ወድቆ በቀበቶው የተንጠለጠለን ሰው ማን፣ በምን፣ በስንት ደቂቃ እንደሚያወርደው ሳይጠየቅ የሚያነሣ አመልካች ካገኙ ምርጫዎ አልቋል።

ጥያቄ፦ ሴፍቲ ኦፊሰር ነኝ። ፎርማኑ በዕድሜ አባቴ ይሆናል። ሥራ ይቁም ስለው «ልጄ፣ ሶሌታው (የፎቁ ኮንክሪት ወለል) ዛሬ መሞላት አለበት» እያለ ያልፈኛል። ብቃት ስለሌለኝ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ የጎደለሽ ሥልጣን ነው። ቀደም ብዬ የጠቀስኩት የአሜሪካው ደንብ ትርጓሜ ሥልጣንን የብቃት አካል ያደረገው በዚህ ምክንያት ነው፤ አደጋውን አውቀሽ ማስቆም ካልቻልሽ ዕውቀትሽ ለሠራተኛው አይደርሰውም። የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጁ ሥራ የማስቆም ሥልጣንሽን በደብዳቤ እንዲሰጥሽና ፎርማኖቹ ባሉበት እንዲያነበው ጠይቂ። ካልፈቀደ ጥያቄሽንና መልሱን በጽሑፍ ያዢ።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። ሚክሰሩ መዞር ከጀመረ በኋላ የሚነሣ ተቃውሞ ሲሚንቶ የሚያበላሽ ስለሆነ ማንም አይሰማውም። ስለዚህ ከሙሌቱ በፊት ባለው ቀን ከሰዓት በኋላ «ጋሼ፣ ካሳፎርማውን (የኮንክሪቱን ቅርጽ መያዣ) አብረን እንየው» ብለሽ ውሰጃቸው። ሁለት አጣና በምስማር ተቀጥሎ የቆመበትን ድጋፍ፣ ውኃ ባራሰው አፈር ላይ ያረፈውን፣ ሽብልቁ የላላውን እየነካሽ አሳያቸው። ልምድ ያለው ፎርማን ድጋፍ ሲንሸራተት ምን እንደሚሆን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ብዙ ጊዜ የሚያስቆጣው በሠራተኞቹ ፊት መታረሙ ነው።

ጥያቄ፦ ብቃቴን ለአዲስ ቀጣሪ በምን ላረጋግጥ?

መልስ፦ «የአምስት ዓመት ልምድ» የሚለው መስመር ብዙ አይናገርም፤ አምስት ዓመት አንድ ዓይነት ሥራ ሠርተው ሊሆን ይችላል። ከሰርተፍኬቶችዎ ጋር ሥራዎ የሚታይበት ማኅደር ያዘጋጁ። ከሥራው በፊት የጻፉት የአደጋ ትንተና፣ ቀንና ፊርማ ያለበት የስካፎልዲንግና የቁፋሮ ፍተሻ፣ ያስቆሙት ሥራና ምክንያቱ፣ ከዚያም እንዴት እንደተስተካከለ የሚያሳይ መዝገብ ይኑርበት። የድርጅት ሰነድ ሲያወጡ ፈቃድ ይጠይቁ፤ የተጎዱ ሰዎችን ስምም ያጥፉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ዓለም አቀፍ የሙያ ደኅንነትና ጤንነት አስተዳደር መስፈርት፣ አይኤስኦ 45001፣ በበኩሉ ድርጅቱ የሠራተኞቹን ብቃት የሚያሳይ ማስረጃ እንዲይዝ ስለሚጠይቅ፣ ይህን መስፈርት የሚከተል ቀጣሪ ማኅደርዎን በቁም ነገር ያያል።

ጥያቄ፦ አሠሪ መሥሪያ ቤቶች ከሥራ ተቋራጭ ወፍራም የደኅንነት ሰነድ ይጠይቃሉ። ይህ ብቃትን ያረጋግጣል?

መልስ፦ ሰነዱ ከሌላ ፕሮጀክት ተገልብጦ ስሙ ብቻ የተቀየረ ከሆነ ምንም አያረጋግጥም። እንግሊዝም ይህን አይታለች፤ እ.ኤ.አ. የ2007ቱ የግንባታ ደንቧ ያስከተለው የብቃት ምዘና በወረቀት ክምር ስለተተቸ፣ የ2015ቱ ደንብ ባለሙያው ክህሎት፣ ዕውቀትና ልምድ እንዲኖረው፣ ድርጅቱም አቅም እንዲኖረው ወደሚጠይቅ አነጋገር ተቀይሯል። የኔ ምክር አጭር ነው፤ መቶ ገጽ ከመጠየቅ ይልቅ ለዚህ ቦታ ቁፋሮ ብቻ የተዘጋጀ ሦስት ገጽ ይጠይቁ፣ ያዘጋጀውንም ሰው ጠርተው ያነጋግሩ።

ጥያቄ፦ የረጅም ጊዜ ፎርማን ነኝ፤ ትምህርቴ እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። ብቁ ልባል እችላለሁ?

መልስ፦ በሚያውቁት ሥራ፣ አዎ። የቁፋሮ ግድግዳ ላይ ስንጥቅ አይተው ሰዎቹን የሚያወጡ እርስዎ ከሆኑ፣ የጎደለዎት ያንን የሚያሳይ ማስረጃ ነው። በሙያዎ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ምዘና ይውሰዱ። ልምድ ያላሳየዎትም ነገር ሊኖር ስለሚችል፣ ለምሳሌ የሲሚንቶና የድንጋይ ብናኝ በሳንባ ላይ ከዓመታት በኋላ የሚያስከትለውን ጉዳት፣ አጭር ሥልጠና ይጨምሩበት።

ጥያቄ፦ በእኔ ሳይት አንድም አደጋ አልተመዘገበም። ይህ ማስረጃ አይሆንም?

መልስ፦ ብቻውን አይሆንም። በትንሽ ሳይት ዕድልም ይህን ያስገኛል፤ የቀን ሠራተኛው ነገ እንዳይቀነስ ብሎ ጉዳቱን ሲደብቅም መዝገቡ ባዶ ይሆናል። ለጥቂት የተረፉ ሰዎችን፣ የወደቁ ዕቃዎችንና የተወሰደውን እርምጃ መዝግበው ከሆነ ግን እሱን ያቅርቡ።

ጥያቄ፦ ከሕንፃ ወደ መንገድ ሥራ ብዛወር ብቃቴ አብሮኝ ይሄዳል?

መልስ፦ አደጋን የመለየትና ሥራን የማስቆም ልማድዎ አብሮዎት ይሄዳል። ወደ ኋላ የሚነዳ ገልባጭ መኪና፣ የክፍት መንገድ ትራፊክና የትኩስ አስፋልት አደጋ ግን አዲስ ናቸው። ሥራውን በሚያውቅ ሰው አጠገብ እስኪላመዱት ድረስ ፍተሻዎችን ብቻዎን አይፈርሙ።