ለእናቴ ያወረድኩት ድራማ ያስከስሰኛል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ደሴ ነው። እናቴ ገጠር ናት፤ እሷ ዘንድ ኔትወርክ የለም ማለት ይቻላል። እሷ ጋ ስሄድ አብረን እንድናይ ድራማና መዝሙር ከዩቲዩብ አውርጄ በስልኬ እይዛለሁ። መዝሙሩን ወደ ኤምፒስሪ እቀይረዋለሁ። ሰሞኑን ሞባይል ቤት ያለው ጎረቤቴ «ያለሽን ስጪኝ፣ ሚሞሪ ለሚያስሞሉ ደንበኞች እጭናለሁ፤ ገቢውን እንካፈላለን» አለኝ። ሕጉ ምን ይላል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ለእናትዎ የሚያደርጉት ብዙም አያስጨንቅዎት። የጎረቤትዎ ሐሳብ ግን ጣጣ አለው።

ነገሩን የሚገዛው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። በ2007 በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። በመርህ ደረጃ አንድን ሥራ ማባዛት የባለመብቱ ሥልጣን ነው፤ ቪዲዮ ማውረድም ማባዛት ነው። አንቀጽ 9 ግን በር ይከፍታል። አንድ ግለሰብ ለሕዝብ የቀረበን ሥራ ለግል አገልግሎቱ ብቻ በአንድ ቅጂ ቢያባዛ፣ ባለመብቱ ሊከለክለው አይችልም። እርስዎ በስልክዎ ይዘው ሄደው ከእናትዎ ጋር ማየትዎ እዚህ በር ውስጥ ይገባል ባይ ነኝ።

«አንድ ቅጂ» የሚለውን ግን ልብ ይበሉት። ወደ ኤምፒስሪ ሲቀይሩ ሁለተኛ ቅጂ ተፈጠረ። ቪዲዮውን ካጠፉት ነገሩ ያልቃል። ሕጉ የወጣው ካሴትና ሲዲ በነበረበት ዘመን ስለሆነ ከዛሬው ስልክ ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። ቅጂውን በፍላሽ ለእናትዎ ትተው ቢመጡስ? አንቀጹን ቃል በቃል ካነበብነው «ለራሱ» ስለሚል ትንሽ ያንሸራትታል። ለዚህ ብሎ እናትን ችሎት የሚያቆም ባለመብት ግን አይታየኝም።

ሌላው የዩቲዩብ ውል ነው። ኩባንያው ራሱ ባዘጋጀው የማውረጃ ቁልፍ ካልሆነ በቀር፣ ያለፈቃድ ማውረድን ይከለክላል። ይህን መጣስ የውል ጉዳይ ነው፤ መዘዙም አካውንትዎን ሊያዘጋ ይችላል። የማውረጃ ድረ ገጾቹም ቢሆኑ በሐሰተኛ «ዳውንሎድ» ቁልፎች የተሞሉ ናቸው። አንዱን ሲነኩ ያልፈለጉት ነገር ስልክዎ ላይ ሊጫን ይችላል።

ወደ ጎረቤትዎ ልምጣ። በየከተማው «ሚሞሪ እንሞላለን» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ሱቅ ሞልቷል። ብዙ ሰው ስለሚሠራው ሕጋዊ ይመስላል፤ አይደለም። ሱቁ የሚጭነው ለራሱ አገልግሎት አይደለም፣ ቅጂውም አንድ አይደለም፣ ገንዘብም ይቀበልበታል። አንቀጽ 9 በምንም በኩል አያድነውም። እርስዎም «እኔ ሰጠሁ እንጂ አልሸጥኩም» ብለው አይወጡም፤ ገቢ ተካፍለዋላ! አዋጁ በ1996 ሲወጣ ለሞራል ጉዳት ብቻ የሚከፈለውን ዝቅተኛ ካሳ 100 ሺህ ብር አድርጎት ነበር። የወንጀል ክስና እስራትም አለ። በቴሌግራም ቻናል መልሶ መልቀቅም ቢሆን፣ በነፃም ይሁን፣ ለሕዝብ ማሰራጨት ነው።

ጎረቤትዎ የምር መሥራት ከፈለገ ባለመብቶቹን ያናግር። ብዙ ዘማሪዎችና ድራማ ሠሪዎች ከቪዲዮው ሥር ስልካቸውን ይጽፋሉ። ፈቃዱን ግን በጽሑፍ ይቀበል፤ የትኞቹን ሥራዎች፣ እስከ መቼ፣ በስንት እንደሆነ ተለይቶ ይጻፍ። በስልክ «እሺ፣ ውሰዱ» የተባለ ነገር ችሎት ፊት ሲቆሙ ለማስረዳት ያስቸግራል።