ልጄ ተመዝግቧል፣ አሰልጣኝ ግን የለም፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የመስከረሙ የልጆች ኳስ ምዝገባ ሲቃረብ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ ወደ አንድ ጉዳይ ያዘነብላሉ። ሊጉን የሚያንቀሳቅሰው ማን ነው? ከእኛ ከወላጆችስ ምን ይጠበቃል? ዘንድሮ ከመጡት ውስጥ አሜሪካ ላለ ወላጅ ሁሉ ይጠቅማሉ ያልኳቸውን መርጫለሁ።

«የ7 ዓመት ልጄን አስመዘገብኩ፣ ከፈልኩም። ከዚያ ‹አሰልጣኝ ስላልተገኘ ልጅዎ ተጠባባቂ ነው› የሚል ኢሜይል መጣ። ከከፈልኩ በኋላ በነጻ የሚሠራ ሰው የሚጠበቀው ለምንድን ነው?» (የሁለት ልጆች እናት፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

እህቴ፣ ብትናደጂ አይፈረድብሽም። ግን የከፈልሽው ገንዘብ ለሜዳ፣ ለማልያ፣ ለኢንሹራንስና ለዳኛ ነው የሚሄደው። የአሰልጣኝ ደሞዝ የለበትም። ደሞዝተኛ አሰልጣኝ የሚገኘው ከከተማ ከተማ እየተጓዙ በሚወዳደሩት፣ «ትራቭል» በሚባሉት ክለቦች ነው፤ እዚያ የዓመቱ ወጪ ብዙ ጊዜ በሺህ ዶላር ቤት ይገባል። «ሬክ» የምንለው የሰፈር ሊግ ዋጋው የሚቀመስ የሆነው ወላጆች በነጻ ስለሚሠሩ ብቻ ነው።

ስለዚህ የቡድን ቁጥር የሚወሰነው በአሰልጣኝ ቁጥር ነው። 24 ልጆች ተመዝግበው ሁለት አሰልጣኝ ብቻ ቢገኝ ሁለት ቡድን ይቋቋማል። የቀሩት ስምንት ልጆች ቤት ይቀመጣሉ። ሜዳ አለ፣ ኳስ አለ፣ ልጆቹም አሉ፤ የጠፋው በሳምንት ሁለት ሦስት ሰዓት የሚሰጥ አንድ ትልቅ ሰው ነው። ይህ ሁሌም ያንገበግበኛል።

በበጎ ፈቃደኛ ሊግ መምራት እንደሚቻል ለማየት ኤ ዋይ ኤስ ኦ የሚባለውን የአሜሪካ ወጣቶች እግር ኳስ ድርጅት ማየት ይበቃል። በ1964 ካሊፎርኒያ፣ ቶራንስ ውስጥ በ9 ቡድን ተጀመረ። ዛሬም አሰልጣኙም ዳኛውም በብዛት ወላጅ ነው። ደንቡ ደግሞ ደስ ይላል፦ እያንዳንዱ ልጅ ቢያንስ የጨዋታውን ግማሽ ይሰለፋል። ጎበዝም ሆነ ጀማሪ፣ ተቀምጦ የሚቀር የለም። ያንን ደንብ የሚያስከብረው ሰዓቱን እያየ መስመር ዳር የቆመው አባት ወይም እናት ነው።

አሁኑኑ መልሰሽ ጻፊላቸው። «ብቻዬን አልችልም፣ ሌላ ወላጅ ካገኛችሁልኝ ግን ረዳት እሆናለሁ» በያቸው። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለች አንዲት መስመር ናት የተጠባባቂውን ዝርዝር የምታንቀሳቅሰው።

«ኳስ የተጫወትኩት ልጅ ሳለሁ ሰፈር ውስጥ በጨርቅ ኳስ ነው። እንግሊዝኛዬም ያን ያህል ነው። የልጄን ቡድን አሰልጥን ሲሉኝ አፈርኩ። እምቢ ልበል?» (አባት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

በፍጹም እምቢ እንዳትል ወንድሜ። ከ8 ዓመት በታች ያሉት 4 ለ4 ነው የሚጫወቱት። በረኛ የለም፣ ኦፍሳይድ የለም። ኳሱ ትንሹ፣ 3 ቁጥር ነው። የአሜሪካ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ለጀማሪ አሰልጣኝ በኢንተርኔት የሚሰጠው መግቢያ ትምህርት አጭር ነው፤ አንድ ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ ትጨርሰዋለህ።

ልምምዱን እንዲህ ጀምር። በኮን አንድ ሰፊ አራት ማዕዘን ሥራ። ሁሉም ልጅ የየራሱን ኳስ ይዞ ይግባ። «ኳሳችሁን ልነጥቃችሁ ነው» በልና ከመሃላቸው ግባ። እየጮሁ፣ እየሳቁ፣ ኳሳቸውን እየሸፈኑ ይሮጣሉ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ እያንዳንዱ ልጅ ኳሱን ብዙ ጊዜ ነክቶታል። በሰልፍ አቁመህ ተራ በተራ «ምታ» ብትላቸው ግን ሰባቱ ቆመው አንዱ ይጫወታል፤ ከዚያ ሰልፉ ውስጥ መገፋፋት ይጀመራል። የቀረው ሥራህ የጫማ ክር ማሰር፣ ውኃ ማስጠጣትና የወደቀውን «አይዞህ» ማለት ነው። ለዚህ የሚሆን እንግሊዝኛ አለህ። የጎደለችውንም ቃል የ7 ዓመቱ ልጅህ ይሞላልሃል፤ በዚህም ይኮራል።

አንድ ነገር ብቻ ከሰፈር ኳስ ልማዳችን ተው፦ ቴስታ። ፌዴሬሽኑ በ2015 ባወጣው መመሪያ 10 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች በልምምድም በጨዋታም ኳስ በጭንቅላት አይመቱም። ምክንያቱ የጭንቅላት ጉዳት ነው።

«ኡበር ነው የምሠራው። ቅዳሜ ዋናው የገበያ ቀኔ ነው። መርዳት እፈልጋለሁ፣ ግን ከየት አመጣለሁ?» (ሹፌር፣ ሲያትል)

ሜዳ ላይ ሳትቆም የሚሠራ ሥራ ሞልቷል። የቡድን ማናጀር ሥራ ማታ ማታ በስልክ ያልቃል፦ ማን ይመጣል፣ ማን ይቀራል፣ ጨዋታው ስንት ሰዓት ነው፣ ዝናብ ከሆነስ። አሰልጣኙን ከዚህ ጣጣ የገላገለው ሰው ትልቅ ውለታ ውሎለታል።

ሌላው ጠዋት ሜዳ መክፈት ነው። ወደ ሥራ ከመግባትህ በፊት ግማሽ ሰዓት ይበቃል። መረብ መስቀል፣ ሣሩ ላይ ጠርሙስ ወይም ስባሪ ካለ ማንሳት፣ ከሁሉም በላይ ጎሉ በአሸዋ ከረጢት ወይም በችካል መያዙን ማየት። ያልታሰረ ጎል ይገለበጣል። አሜሪካ ውስጥ ጎል ወድቆባቸው የሞቱ ልጆች አሉ። ማንም የማያጨበጭብለት ሥራ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የማከብረው እሱን ነው።

ማይል መመዝገብ ስለለመድክ ይህንንም ያዝ። ለተመዘገበ በጎ አድራጎት ድርጅት በነጻ ስታገለግል የነዳኸው በማይል 14 ሳንቲም ከታክስ ተቀናሽ ነው። ለአንተ ይሠራ እንደሆነ ግን የታክስ ሠራተኛህን ጠይቅ።

«ልረዳ ብል ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርና የወንጀል ምርመራ ጠየቁኝ። ለበጎ ሥራ ሄጄ እንደ ወንጀለኛ መታየት አሳዘነኝ።» (አባት፣ ዳላስ)

ጋሼ፣ እርስዎን ብቻ ለይተው አይደለም። ዶክተሩም ፖሊሱም ልጆቹ ጋ ለመድረስ ያንኑ ቅጽ ይሞላሉ። የአሜሪካ ጂምናስቲክ ቡድን ሐኪም ልጆችን ሲያጠቃ መኖሩ ከተጋለጠ በኋላ በ2018 መጀመሪያ ላይ «ሴፍ ስፖርት» የሚባለው የፌዴራል ሕግ ወጣ። በእሱ መሠረት በእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ ሥር ባሉ ሊጎች ውስጥ ከልጆች ጋር የሚሠራ አዋቂ በልጅ ላይ ጥቃት ደርሷል ብሎ ከጠረጠረ በ24 ሰዓት ውስጥ ማመልከት አለበት። ከአንድ ልጅ ጋር ሌላ ሰው በማያይበት ቦታ ብቻውን መሆንም አይፈቀድለትም። ልምምድ አልቆ አንድ ልጅ ወላጁ ከዘገየበት ሁለተኛ ትልቅ ሰው አብሮ ይጠብቃል። ይህ ደንብ ልጁንም ይጠብቃል፣ እርስዎንም ከሐሜት ያድናል። ለዚህም ነው ለአንድ ቡድን አንድ ወላጅ የማይበቃው።

ስለ ቁጥሩ ያለዎት ስጋት ግን ልክ ነው። በቴክስት ወይም በኢሜይል ለማንም አይላኩ። በሊጉ ይፋዊ የምዝገባ ገጽ ላይ ብቻ ይሙሉ። ከተጠራጠሩ ቢሮው ደውለው ያረጋግጡ።

«የ14 ዓመት ልጄ ዳኛ ልሁን ይላል። ይፈቀዳል?» (እናት፣ ሚኒያፖሊስ)

አዎ። በብዙ ስቴት ከ13 ዓመት ጀምሮ ኮርስ ወስዶ ትንንሾቹን መዳኘት ይቻላል። በብዙ ሊጎች ይከፈለዋልም። የሚያስቸግረው ጨዋታው ሳይሆን ወላጁ ነው። መስመር ዳር ቆሞ የሌላ ሰው ልጅ ላይ የሚጮህ ትልቅ ሰው አይቼ ቆሽቴ አርሯል። ብዙ ልጆች ፊሽካውን የሚጥሉት በስድብ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አብረሽው ሂጂ። ሊጉንም ልምድ ያለው ዳኛ በአቅራቢያው እንዲመድብለት ጠይቂ።

«እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ 30 የሚሆኑ የሐበሻ ልጆችን የሚያጫውት አንድ ወንድማችን አለ። ሁሉን ብቻውን ነው የሚሠራው፤ አሁን ደክሞታል። ምን እናድርግ?» (የወላጆች ቡድን፣ ዴንቨር)

ይህ ጥያቄ ልቤን ነክቶታል፤ ምክንያቱም መጨረሻውን ብዙ ቦታ አይቻለሁ። ያ አንድ ሰው ይታመማል፣ ወይም የሥራ ፈረቃው ይቀየራል፤ ልጆቹም ይበተናሉ። በ1984 የተመሠረተው የሰሜን አሜሪካው የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን እስከ ዛሬ በየክረምቱ ቡድኖችን የሚያሰባስበው ሥራውን ተከፋፍለው የሚይዙ ሰዎች ስላሉት ነው። እኛ ልቅሶ ሲሆን ድንኳኑን ማን፣ ወጡን ማን ብሎ መመደብ የሚያስተምረን የለም። ለልጆቻችን ሲሆን ለምን ሁሉን ለአንድ ሰው እንተወዋለን?

በዚህ እሁድ ሰውየውን አስቀምጡትና የሚሠራውን ሁሉ እየጠየቃችሁ ጻፉ። ኳስና ኮን የሚያመጣ፣ ለወላጆች የሚደውል፣ ገንዘብ የሚይዝ፣ የሜዳ ፈቃድ የሚጠይቅ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥኑን የሚይዝ፣ ትንንሾቹን የሚያሠለጥን። በእያንዳንዱ ሥራ ፊት ሁለት ስም ይኑር፣ አንዱ ሲቀር ሌላው እንዲተካ። ለእሱ ልምምዱን ብቻ ተዉለት፤ የሚወደው እሱን ነው።

ከዚያ ኢንሹራንስ ሳትገቡ አትቀጥሉ። በ1997 የወጣ የፌዴራል ሕግ ለትርፍ ላልቆመ ድርጅት የሚያገለግል በጎ ፈቃደኛን ከተራ ስህተት ተጠያቂነት በመጠኑ ይከላከላል። ከባድ ቸልተኝነትን ግን አይሸፍንም፣ የሆስፒታል ሂሳብም አይከፍልም። የስቴታችሁን የወጣቶች እግር ኳስ ማኅበር አነጋግሩና በአባልነት ስትመዘገቡ ምን ዓይነት ኢንሹራንስ እንደምታገኙ ጠይቁ። ለሜዳው ፈቃድም ከተማው የኢንሹራንሱን ወረቀት መጠየቁ ስለማይቀር፣ የሚጀመረው ከእሱ ነው።