ሳንቶሪኒን በግል አስጎብኚ፦ የወይን ቅምሻ፣ የእናት ጉልበትና የፍልሰታ ጾም

ሰሞኑን ስለ ግሪኳ ደሴት ስለ ሳንቶሪኒ የሚጠይቁኝ በዝተዋል። አንዱ የመርከብ ጉዞ ቆርጧል፣ አንዷ ለሚዜነት ተጠርታለች፣ ሌላው ፎቶውን አይቶ ልቡ ተነስቷል። የግል ጉብኝትንና የወይን ቅምሻን የሚመለከቱትን ጥያቄዎች መርጬ ልመልስ።

"ከባለቤቴ ጋር ከሲልቨር ስፕሪንግ ነን። መስከረም ላይ መርከባችን ሳንቶሪኒ የሚቆመው ለአንድ ቀን፣ ያውም ለጥቂት ሰዓት ነው። መርከቡ በአውቶቡስ የሚያስጎበኝ ፓኬጅ ይሸጣል። የግል አስጎብኚው ዋጋ ግን ከዚያ በጣም ይበልጣል። ያዋጣል?" — ሀ.

ያዋጣል። ያን ያህል የምትከፍሉት ግን ለሚያምር መኪና አይደለም። ቅደም ተከተሉን ራሳችሁ እንድትወስኑ ነው።

ደሴቲቱ ትንሽ ናት። ብዙ መርከብ በገባበት ቀን ሁሉም ሰው ኦያ ወደምትባለው መንደር ይሮጣል። ነጭ ቤት፣ ሰማያዊ ጉልላት፣ ፎቶ፣ ግፊያ። መጨናነቁ ስለበዛ በመርከብ የሚገባው ሰው በቀን ከ8,000 እንዳይበልጥ ተወስኗል። ከ2025 ክረምት ጀምሮም በከፍተኛው ወቅት ከእያንዳንዱ የመርከብ ተጓዥ 20 ዩሮ ይሰበሰባል። ያም ሆኖ ኦያ ረፋድ ላይ አይሞከርም።

ጥሩ የግል አስጎብኚ መንገዱን ይገለብጠዋል። ጧት፣ ሌላው ኦያ ላይ ሲጋፋ፣ እናንተ ደቡብ ወርዳችሁ አክሮቲሪ የሚባለውን ጥንታዊ ከተማ ታያላችሁ። ከዚያ ሜጋሎሆሪ ወይም ፒርጎስ መንደር፣ ከዚያ ወይን ቤቱ። ኦያ ከተረፈ ጊዜ ይደርሳታል። ካልደረሳትም አላዝንላችሁም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። በመርከቡ ፓኬጅ ወጥታችሁ ብትዘገዩ መርከቡ ይጠብቃችኋል። በራሳችሁ ወጥታችሁ ከዘገያችሁ ግን ጥሏችሁ ይሄዳል። መርከቡ ከገደሉ ሥር ባሕሩ ላይ ነው የሚቆመው። ለመመለስ ከደሴቲቱ ዋና ከተማ ከፊራ ወደ አሮጌው ወደብ በኬብል ካር (በገመድ ተንጠልጥሎ በሚሄደው) መውረድ፣ ከዚያም በትንሽ ጀልባ መሻገር አለባችሁ። የኬብል ካሩ ሰልፍ ከሰዓት በኋላ ይረዝማል። ስለዚህ አስጎብኚው ከመጨረሻው ጀልባ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ፊራ እንዲያደርሳችሁ ከመነሻው ተነጋገሩ።

"ሁለት ድርጅቶች ጠየቅኩ። ሰዓቱ እኩል፣ መንገዱ ያው፣ ዋጋው ግን የትና የት። አንዱ እያጭበረበረኝ ይሆን?" — ሰ.፣ ከለንደን

ላይሆን ይችላል። ምናልባት አንዱ የሚሸጥልህ ሾፌር ነው፣ ሌላው ደግሞ አስጎብኚ። ግሪክ ውስጥ አስጎብኚነት ፈቃድ የሚጠይቅ ሙያ ነው። እንደ አክሮቲሪ ባለ የቅርስ ቦታ ውስጥ ገብቶ ማስረዳት የሚችለው ባለፈቃዱ ብቻ ነው። ሾፌሩ፣ ምንም ያህል ጨዋና ተጫዋች ቢሆን፣ በር ላይ ያወርድህና ውጭ ቆሞ ይጠብቅሃል።

አክሮቲሪን ደግሞ ያለ አስረጂ ማየት ገንዘብ ማባከን ነው። ከ3,500 ዓመት በፊት በእሳተ ገሞራ አመድ የተቀበረ ከተማ ነው። ሁለትና ሦስት ፎቅ ያላቸው ቤቶች፣ የቆሻሻ ውኃ መውረጃ፣ የዘይትና የእህል ማስቀመጫ ትልልቅ እንስራዎች አሉት። ቁፋሮው በ1967 በስፒሪዶን ማሪናቶስ ተጀመረ። እስካሁን የሰው አስከሬንም ሆነ የወርቅ ክምር አልወጣበትም ማለት ይቻላል። ሰዎቹ ምልክቱን አይተው ንብረታቸውን ሸክፈው ወጥተዋል ተብሎ ይታመናል። ይህን የሚነግርህ ሰው ከሌለ ግን የምታየው የድንጋይ ግድግዳና አቧራ ነው። ግድግዳው ላይ የነበሩት ሥዕሎች ደግሞ እዚያ የሉም። ፊራ ባለው ሙዚየምና በአቴንስ ነው የምታገኛቸው።

ስለዚህ ከመክፈልህ በፊት በጽሑፍ ጠይቅ። ባለፈቃድ አስጎብኚ አለበት ወይ? የቅምሻው ሒሳብና የመግቢያ ትኬቱ ውስጥ ነው ወይስ ለብቻ? ከወደብ ወይም ከሆቴል ይወስዱሃል? ዋጋው በሰው ነው ወይስ በመኪና? ብዙ ጊዜ በመኪና ነው። ስለዚህ አራት አምስት ሆናችሁ ከሄዳችሁ ውድ የመሰለው ዋጋ ይቀልላል።

"እውነቱን ልንገርሽ፣ ስለ ወይን የማውቀው ጉደርና አክሱማይትን ነው። ጓደኞቼ የቅምሻ ጉብኝት ያዙ። እዚያ ሄጄ እንዳላፍር!" — ቤቲ፣ ከአዲስ አበባ

ቤቲዬ፣ የሚያሳፍር ነገር የለም። ሰዎቹ የሚኖሩት ለማያውቅ ሰው በማስረዳት ነው።

ግን አንድ ነገር አስቀድመሽ እወቂ። የሳንቶሪኒ ዋና ወይን አሲርቲኮ ይባላል። ነጭ ነው፣ ደረቅ ነው፣ ኮምጠጥ ይላል፣ አንዳንዱ ጨው ጨው ይላል። አክሱማይት ለለመደ ምላስ የመጀመሪያው ጉንጭ ፊት ያስኮሳትራል። አትፍረጂበት። ትንሽ ምግብ አስከትይና ድገሚው፤ ከዓሣና ከቲማቲም ጋር ሌላ ነገር ይሆናል። ሙሉ በሙሉ አልዋጥልሽ ካለ መጨረሻ ላይ ቪንሳንቶ ይመጣልሻል። ያ ጣፋጭ ነው። የወይኑን ፍሬ ከለቀሙ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ፀሐይ ላይ አስጥተው፣ ወደ ዘቢብነት ሲጠጋ ይጨምቁታል። ከዚያም ቢያንስ ሁለት ዓመት በርሜል ውስጥ ይቆያል። ድሮ ለቅዳሴ እየተባለ እስከ ሩስያ ይላክ ነበር።

ከብርጭቆው በፊት ግን ማሳውን እዩ። አስጎብኚያችሁን የምለምነው ይህን ብቻ ነው። እዚያ የወይን ተክል እንደሌላው አገር በእንጨት ተደግፎ አይቆምም። ቅርንጫፉን መሬት ላይ እያዞሩ እንደ ቅርጫት ይጎነጉኑታል፤ ኩሉራ ይሉታል። ፍሬው ቅርጫቱ ውስጥ ያድጋል። ነፋሱ ኃይለኛ ነው፣ ፀሐዩም ያቃጥላል፣ ቅርጫቱ ከሁለቱም ይጠልለዋል። ዝናብ እምብዛም የለም። ተክሉን ይዞት የሚያድረው ሌሊት ከባሕር የሚነሳው እርጥበት ነው።

ሌላም አለ። በ19ኛው መቶ ዓመት ፊሎክሴራ የምትባል ሥር የምትበላ ጥቃቅን ተባይ የአውሮፓን ወይን ጨርሳው ነበር። ሳንቶሪኒ ላይ ግን አልቀናትም። መሬቱ አሸዋና የእሳተ ገሞራ አመድ ነው፣ ሸክላ አፈር የለውም ለማለት ይቻላል፤ ተባይዋ እንዲህ ያለ አፈር ውስጥ መኖር አትችልም። ስለዚህ ተክሉ ዛሬም በራሱ ሥር ላይ ነው የቆመው። ሲያረጅ ግንዱን ይቆርጡታል፣ ከድሮው ሥር እንደገና ያቆጠቁጣል። ከ100 ዓመት በላይ የሆነው ሥር ብዙ ነው።

ስለ ቦታዎቹ፦ ሁለት ወይን ቤት ይበቃል። ሦስተኛው ላይ ምላስ ይደነዝዛል፣ አራተኛው ላይ ቅምሻ መሆኑ ቀርቶ መጠጣት ይሆናል። ሳንቶ ዋይንስ የገበሬዎቹ ኅብረት ሥራ ነው፤ እይታው ልብ ይወስዳል፣ ግን አውቶቡስ የጫነው ሕዝብ ሁሉ እዚያ ነው። ቬኔትሳኖስ ገደሉ ላይ በ1947 የተሠራ ነው። ወይኑ ያለ ፓምፕ ከላይ ወደ ታች በራሱ እንዲወርድ አድርገው ነው የገነቡት። ሥራውን ማየት ለሚፈልግ ደስ ይላል። አርጊሮስ ከ1903 ጀምሮ በቤተሰብ የቆየ ነው፤ ያረጁ ተክሎች ማየት ለፈለገ እዚያ ይሂድ። ጋያ ደግሞ ካማሪ አቅራቢያ ባሕሩ ዳር፣ የድሮ የቲማቲም ፋብሪካ ውስጥ ነው። እኔ ብሆን አንድ እይታ ያለው፣ አንድ ማሳ ያለው እመርጣለሁ።

የቀመሱትን ወይን መትፋትም ነውር አይደለም። መትፊያ ዕቃው ለዚያ ነው የቀረበው።

"እናቴ 70 አልፏታል፣ ጉልበቷን ያማታል። ሳንቶሪኒ ደረጃ ብቻ ነው ይሉኛል። ልተወው?" — ዳዊት፣ ከፍራንክፈርት

አትተወው፤ የግል መኪና ያስፈለገው እንዲያውም ለእሳቸው ነው። ኦያና ኢሜሮቪግሊ ውስጥ ደረጃው እውነት ነው። ግን መኪናው ገደሉ አፋፍ ላይ ያሉ ማያ ቦታዎች ድረስ ይደርሳል። አክሮቲሪ ጣሪያ አለው፣ መተላለፊያውም አይከብድም። የፕሮፊቲስ ኢሊያስ ገዳም የደሴቲቱ ከፍተኛ ቦታ ነው፣ እዚያም በመኪና ይወጣል። ስሙ ነቢዩ ኤልያስ ማለት ስለሆነ እናትህ ደስ ይላቸዋል። አብዛኞቹ ወይን ቤቶች ጥላና ወንበር አላቸው።

አሮጌው ወደብ ላይ በአህያና በበቅሎ እንዲወጡ አታድርግ። ወደ 600 የሚጠጋ የሚያንሸራትት ደረጃ ነው። እንስሳቱም ያሳዝናሉ፤ ጭነታቸው ከ100 ኪሎ እንዳያልፍ መንግሥት በ2018 ደንብ እስከማውጣት ደርሷል። ኬብል ካሩ አለላችሁ።

"በኦገስት 12 ነው የምንደርሰው። እኔ ፍልሰታን እጾማለሁ፣ አልጠጣም። ባሌና ጓደኞቹ ግን ቅምሻ ይዘዋል። እዚያ ተቀምጬ ምን ልሁን?" — የትነበርሽ፣ ከስቶክሆልም

እንዲያውም ጥሩ ጊዜ ነው የምትሄጂው። ግሪኮችም ፍልሰታን ይጾማሉ። የእነሱ ከኦገስት 1 እስከ 14 ነው፣ በዓሉ 15 ላይ ነው። የእኛ ነሐሴ 1 ኦገስት 7 ላይ ስለሚውል፣ ስትደርሺ ሁለታችሁም ጾም ላይ ናችሁ። ከዚያ እነሱ ይፈስካሉ፣ አንቺ እስከ 21 ትቀጥያለሽ።

"ኒስቲሲሞ" የምትለዋን ቃል ያዢ፤ የጾም ምግብ ማለት ነው። ብቻ ተጠንቀቂ፣ እነሱ በጾም ሽሪምፕና ኦክቶፐስ ይበላሉ። ያንን የማትበዪ ከሆነ ለይተሽ ተናገሪ። የምትበዪው ግን አይጠፋም። ፋቫ የሚሉት የሳንቶሪኒ ሽሮ ነው፦ ቢጫ፣ ለስላሳ፣ ላዩ ላይ ሽንኩርትና የወይራ ዘይት። የሚሠራበት እህል ከእኛ ጓያ ጋር የአንድ ወገን ነው። (አትደንግጪ፣ አንድ ሳህን ማንንም እግር አልያዘም።) የቲማቲም ጥብሱም አለ፣ አይብ እንዳይገባበት ጠይቂ። በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝም አለ።

አለመጠጣትሽን ቀድመው ለወይን ቤቱ እንዲነግሩልሽ አድርጊ። የቅምሻ ሒሳብሽን ሊቀንሱልሽ፣ በምትኩም ሌላ መጠጥ ሊያቀርቡልሽ ይችላሉ። ኦገስት 15 እዚያ ካለሽ ደግሞ ጎኒያ አጠገብ ያለችው የፓናጊያ ኤፒስኮፒ ቤተ ክርስቲያን የእመቤታችንን በዓል በትልቁ ታከብራለች። በ11ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የተሠራች ናት። አስጎብኚው በዚያ በኩል ይለፍ።

"ሞተር ወይም መኪና ተከራይተን ራሳችን ብንዞርስ?" — ኤፍሬም፣ ከቴል አቪቭ

ቅምሻ ከሌለበት እሺ። ካለበት አይሆንም። የግሪክ ሕግ የሚፈቅደው በአንድ ሊትር ደም 0.5 ግራም አልኮል ነው፣ ለሞተር ነጂ 0.2 ብቻ። መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው፣ አጠገቡ ገደል።

"ዱባይ ነው የምሠራው፣ ፓስፖርቴ የኢትዮጵያ ነው። እህቴ አሜሪካ ግሪን ካርድ አላት። ከአቴንስ በሚነሳ መርከብ ልንገናኝ ነው። ቪዛ ያስፈልገናል?" — ሜሮን

ለሁለታችሁም ያስፈልጋል። የኤሚሬትስ መኖሪያ ፈቃድም ሆነ ግሪን ካርድ የሸንገን ቪዛን፣ ማለትም ግሪክ ያለችበትን የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ፣ አይተካም። የአሜሪካ ፓስፖርት ቢኖራት ነበር ያለ ቪዛ 90 ቀን መቆየት የምትችለው። ማመልከቻው የሚገባው በምትኖሩበት አገር ነው፤ ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ማስገባት ይቻላል። ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድንም ይጠይቃል።

ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ነው፦ መርከቡ መሐል ላይ ቱርክ፣ ለምሳሌ ኩሻዳሲ፣ የሚቆም ከሆነ ከሸንገን ወጥታችሁ ትመለሳላችሁ። ስለዚህ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ የሚያገለግል ቪዛ አይበቃም። ስታመለክቱ ብዙ ጊዜ የሚያስገባውን ጠይቁ፣ የመርከቡንም የጉዞ መስመር አያይዙ።

"ባለፈው ዓመት መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ሰው ሲሸሽ አይቻለሁ። እኛም በዚያው ሰሞን በፈንታሌ ምክንያት እንቅልፍ አጥተን ነበር። ገንዘብ ከፍሎ ወደዚያ መሄድ ምን ይባላል?" — ተስፋዬ፣ ከአዳማ

ጥያቄዎ አግባብ ነው። በ2025 መጀመሪያ በሳንቶሪኒና በአሞርጎስ መካከል ሳያቋርጥ ተንቀጠቀጠ፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ደሴቲቱን ለቆ ወጣ። ከዚያ ረገበ፣ ጎብኚውም ተመለሰ። ደሴቲቱ ራሷ የእሳተ ገሞራ አፋፍ ናት፤ በ1956 የደረሰው ትልቅ ርዕደ መሬት ብዙ ቤት አፍርሷል። ስጋት የለም የሚልዎትን አይመኑ። ከሄዱ ግን ገንዘብ የሚመልስ ቦታ ማስያዣ ይምረጡ። ሬድ ቢች የሚባለው የደሴቲቱ ቀይ የባሕር ዳርቻ ላይ ድንጋይ ስለሚናድ ከላይ ሆነው አይተው ይለፉ፣ አይውረዱ።

"ቪንሳንቶ ወደ አሜሪካ ይዤ መግባት እችላለሁ?" — ሀ.፣ አሁንም ከሲልቨር ስፕሪንግ

21 ዓመት የሞላው ሰው አንድ ሊትር ያለ ቀረጥ ያስገባል። ቪንሳንቶ ብዙ ጊዜ በግማሽ ሊትር ጠርሙስ ነው የሚሸጠው፣ ስለዚህ ለእያንዳንዳችሁ ሁለት ይደርሳል። በእጅ ሻንጣ አያሳልፏችሁም፤ በልብስ ጠቅልላችሁ በሚጫነው ሻንጣ መሐል ላይ አድርጉት። መርከቡ ላይ ስትመለሱም ጠርሙሱን ተቀብለው እስከ መጨረሻው ቀን ሊያስቀምጡባችሁ ይችላሉ። ደንባቸውን አስቀድማችሁ ጠይቁ።